የሰፍነጉ ጠላቂዎችና የወርቁ ጠላቂዎች

በ1900 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ፋሲካ ካለፈ በኋላ፣ ዛሬ የግሪክ ከሆነችው ከሲሚ ደሴት የተነሡ ሰፍነግ ለቃሚዎች ማዕበል መንገድ ዘጋባቸውና አንቲኪቴራ በምትባል ድንጋያማ ደሴት ጥግ ተጠለሉ። ነፋሱ እስኪበርድ እጅን አጣምሮ ከመቀመጥ ብለው ኤልያስ ስታዲያቲስ የተባለውን ጠላቂ ወደ ታች ሰደዱት። ብዙም ሳይቆይ አውጡኝ ብሎ ገመዱን ጎተተ። የመዳብ ቆቡን ሲያወልቁለት ይንቀጠቀጥ ነበር፤ የሰውና የፈረስ ሬሳ ተከምሮ አየሁ አለ። ካፒቴኑ ዲሚትሪዮስ ኮንቶስ ራሱም ጠላቂ ነበርና ልብሱን አጥልቆ ወረደ። ተመልሶ ሲወጣ በእጁ የያዘው ከነሐስ የተሠራ የሰው ክንድ ነበር።

ሬሳ የመሰለው ሐውልት ነው። ከሁለት ሺህ ዓመት ገደማ በፊት የግሪክን የጥበብ ሥራ ጭና ስትጓዝ የሰጠመች መርከብ ከ45 እስከ 50 ሜትር ጥልቀት ላይ ተኝታ ነበር። የግሪክ መንግሥት ወሬውን ሲሰማ የባሕር ኃይል መርከብ መደበ፤ እነዚያኑ የሲሚ ጠላቂዎች ቀጠረና በዚያው ዓመት ኅዳር ሥራው ተጀመረ። እስከ 1901 መስከረም ድረስ የነሐስና የእብነ በረድ ሐውልት፣ ሸክላና ብርጭቆ ከባሕሩ ወጣ። በኋላ ዝገት የበላው አንድ የነሐስ ጓል ሲመረመር ጥርስ ያላቸው ትንንሽ ጎማዎች ተገኙበት። ዛሬ የአንቲኪቴራ መሣሪያ የሚባለው፣ የፀሐይንና የጨረቃን አካሄድ ያሰላ የነበረው ጥንታዊ ማሽን እሱ ነው። ስለ መሣሪያው ያልተጻፈ ነገር የለም። ስላወጡት ሰዎች ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው በአንድ መስመር ያልቃል፦ ከጠላቂዎቹ አንዱ ሞተ፣ ሁለቱ ሽባ ሆኑ። የዛሬው ጨዋታችን ስለዚያች አንድ መስመር ነው።

የሲሚና የካሊምኖስ ደሴት ሰዎች ከጥንት ጀምሮ የሚኖሩት ከባሕሩ ወለል ሰፍነግ እየለቀሙ ነበር። ጠላቂው ራቁቱን፣ ጠፍጣፋ ድንጋይ ይዞ፣ በአንድ ትንፋሽ ወርዶ በአንድ ትንፋሽ ይወጣል። በ1860ዎቹ ግን እንግሊዞች የሠሩት ልብስ ደሴቶቹ ደረሰ። የመዳብ ቆብ፣ ውኃ የማያስገባ የሸራ ልብስ፣ የእርሳስ ጫማና ከላይ በእጅ ከሚዘወር ፓምፕ አየር የሚያወርድ ቱቦ ነበረው። የሲሚ ሰዎች እንደሚተርኩት፣ ልብሱን ያመጣው ጠላቂ ሰው ሁሉ ሲፈራበት ሚስቱን አልብሶ ወደቡ ውስጥ አስጠለቃት፤ እሷም ደህና ወጣች። ደህና ብትወጣ ምን ይገርማል? ወደቡ ጥልቅ አልነበረማ!

ጥልቁ ውኃ ውስጥ የሆነው ሌላ ነው። በ1867 በዚያ ልብስ ከጠለቁት 24 ሰዎች አሥሩ ሞቱ። ይህን በ1869 በጽሑፍ ያወጣው ለሮይ ደ ሜሪኩር የተባለ የፈረንሳይ ባሕር ኃይል ሐኪም ነው። ከ1886 እስከ 1910 ባለው ጊዜ ደግሞ በሰፍነግ ለቀማ አሥር ሺህ ያህል ሰው ሞቷል፣ ሃያ ሺህ ያህል አካለ ጎዶሎ ሆኗል የሚል ግምት ብዙ ጊዜ ይጠቀሳል። ግምቱ ቢጋነን እንኳ በትንንሽ ደሴቶች ላይ ምን ማለት እንደሆነ ለመረዳት የካሊምኖስን ጭፈራ ማየት ይበቃል። «ሚኻኒኮስ» የሚባል ጭፈራ አላቸው፤ ስያሜው በማሽን ልብስ የሚጠልቀውን ሰው የሚያመለክት ነው። መሪው ምርኩዝ ይይዛል፤ ሌሎቹ ሲዘሉ እሱ እግሩ ይንቀጠቀጣል፣ ይንገዳገዳል፣ ሊቆም ይሞክራል።

የገደላቸውን ነገር እንየው። ውኃ ውስጥ በየ10 ሜትሩ ከላይ ካለው የከባቢ አየር ግፊት ጋር የሚተካከል ግፊት ይጨመራል። 45 ሜትር ላይ ጠላቂው የሚተነፍሰው አየር ከላይ ካለው አምስት ተኩል እጥፍ የታመቀ መሆን አለበት፤ አለዚያ ደረቱ አይነፋለትም። ከዚህ አየር አምስት እጅ አራቱ ናይትሮጅን ነው። ሰውነት በናይትሮጅን አይጠቀምበትም፤ ግፊቱ ሲበዛ ግን በደምና በስብ ውስጥ እየሟሟ ይከማቻል። ጠላቂው ታች እስካለ ድረስ ሕመሙ አይሰማውም። ክዳኑ ያልተነካ የአምቦ ውኃ ጠርሙስ ጸጥ ብሎ ይቀመጥ የለ? እንዲያ ነው። ሰውየውን በአንድ ትንፋሽ ከታች መጎተት ግን ክዳኑን ባንዴ እንደ መክፈት ነው፤ የሟሟው ናይትሮጅን በደም ሥር፣ በመገጣጠሚያ፣ በአከርካሪ ውስጥ አረፋ ይሆናል። መገጣጠሚያ ላይ ሲሆን ያንገበግባል። አከርካሪ ላይ ሲሆን እግር ይወስዳል። ሳንባና ልብ ላይ ከበዛ ይገድላል።

የዚህ በሽታ ክፋት ጊዜ አጠባበቁ ነው። ታች ሳሉ አይመጣም። ብዙውን ጊዜ ሲወጡም አይመጣም። ቆቡ ወልቆ፣ ሰውየው ደረቅ ልብስ ለብሶ ከጓደኞቹ ጋር መጫወት ሲጀምር፣ ከሩብ ወይም ከግማሽ ሰዓት በኋላ፣ አንዳንዴም ሰዓታት አልፈው ክንዱን ይይዘዋል። ታዲያ ሰው ምን ይላል? ብርዱ ነው ይላል፤ የበላሁት ነው፣ ነፋስ መታኝ ይላል። እጁን እሳት ያቃጠለው ሰው እሳትን ይፈራል፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ የሚያቃጥል እሳት ቢኖር ግን ማን ይፈራው ነበር? ልምድ ትልቅ መምህር ነው ይባላል። እዚህ ላይ ግን ግማሹን ብቻ ነው ያስተማረው። የኮንቶስ ሰዎች በዚያ ጥልቀት ከአምስት ደቂቃ ገደማ በላይ አይቆዩም፣ በቀን ከሁለት ጊዜ በላይ አይወርዱም ነበር። ታች መቆየት እንደሚጎዳ ባልንጀሮቻቸውን ቀብረው ተምረዋል። ስለ አወጣጥ ግን በልምድ የተገኘ ሕግ አልነበራቸውም።

በዚያን ጊዜ ጭራሽ ያልታወቀ ነገር ቢሆን ኖሮ ፈጣሪ ነፍሳቸውን ይማር ብለን እናልፈው ነበር። ነገር ግን ታውቋል። ሮበርት ቦይል የተባለ ሊቅ ገና በ1670 የአየር ግፊቱን በፓምፕ ቀንሶ በእፉኝት ዓይን ውስጥ አረፋ ሲሠራ አይቷል። በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ የታመቀ አየር ውስጥ የሚሠሩ የፈረንሳይ ማዕድን ቆፋሪዎችን ያከሙ ሐኪሞች አደጋው በመግባት ሳይሆን በመውጣት ላይ መሆኑን ጽፈዋል። የኒውዮርኩ ብሩክሊን ድልድይ መሠረት ወንዝ ሥር በታመቀ አየር ሲቆፈር ዋናው መሐንዲስ ዋሽንግተን ሮብሊንግ በ1872 በዚሁ በሽታ ተመትቶ የአልጋ ቁራኛ ሆነ። በመጨረሻም ፖል ቤር የተባለ የፈረንሳይ ሊቅ በ1878 ከሺህ ገጽ በላይ የሆነ መጽሐፍ አሳተመና ነገሩን ዘጋው። አረፋው ናይትሮጅን ነው፤ መድኃኒቱ ቀስ ብሎ መውጣት ነው አለ። ኤልያስ ስታዲያቲስ ሐውልቶቹን ያየው መጽሐፉ ከወጣ ከ22 ዓመት በኋላ ነው።

እንግዲህ የ22 ዓመቱ ክፍተት ከየት መጣ? ታሪኩን የሚተርኩ ብዙዎች ጥፋቱን በስግብግብ ካፒቴን ላይ ይጥላሉ። እኔ አይዋጥልኝም። ኮንቶስ ሌላውን ልኮ ጥላ ሥር የተቀመጠ ሰው አልነበረም፤ ራሱ ወርዷል። ጥፋቱን ሁለት ቦታ አየዋለሁ።

አንደኛው ገንዘቡ የሚሽከረከርበት መንገድ ነው። የሰፍነግ ጀልባዎች ፋሲካን አክብረው ይወጡና እስከ ሰሜን አፍሪካ ጠረፍ ሄደው በመከር ይመለሳሉ። ጠላቂው ከመሄዱ በፊት ቀብድ ይቀበላል፤ ቀብዱም ከፋሲካ ማግስት አያልፍም፤ ሊሞት ይችላልና ይበላበታል፣ ይጠጣበታል፣ ለቤተሰቡ ይተወዋል። ካፒቴኑም ይህን ገንዘብ ያመጣው ተበድሮ ነው። ስለዚህ ጀልባዋ ወደብ ለቅቃ ስትወጣ ሁሉም ባለዕዳ ነው፤ ዕዳው የሚወራረደው ደግሞ በሰፍነግ ብቻ ነው። በዚህ ስሌት ውስጥ አንድ ሰው ገመድ ላይ ተንጠልጥሎ ምንም ሳይለቅም የሚቆይባት እያንዳንዷ ደቂቃ ኪሳራ ናት። ደሴቶቹ ያኔ በኦቶማን ቱርኮች ሥር ነበሩና ልብሱ ይከልከልልን ብለው ለሱልጣኑ አቤት ያሉበት ጊዜ አለ። የቀድሞዎቹ ጠላቂዎች የተቆጡት እንጀራቸው ስለተነካ ነው፤ ሴቶቹ የጮኹት ባሎቻቸውና ልጆቻቸው ሽባ ሆነው ስለተመለሱ ነው። እገዳው አልጸናም፤ በልብሱ የሚለቀመው ሰፍነግ እጅግ ብዙ ነበር።

ሁለተኛውና ለእኔ ከባዱ ግን እውቀቱ የነበረበት መልክ ነው። «ቀስ ብላችሁ ውጡ» የሚል ምክር ገመድ ለያዘ ሰው ምን ይጠቅመዋል? ቀስ ማለት ስንት ነው? በደቂቃ ስንት ክንድ ገመድ ልሳብ? ከ20 ሜትር ለወጣውና ከ50 ሜትር ለወጣው እኩል ነው? አምስት ደቂቃ የቆየውና ግማሽ ሰዓት የቆየው አንድ ናቸው? የቤር መጽሐፍ የሊቅ መጽሐፍ ነበር፤ ማዕበል በሚንጣት ጀልባ ላይ ቆሞ ጓደኛውን ለሚጎትት ሰው የተጻፈ አልነበረም።

ይህን ጥያቄ የመለሰው ስኮትላንዳዊው ጆን ስኮት ሃልዴን ነው። ሃልዴን ማዕድን ቆፋሪዎች በጋዝ እንዳይሞቱ ካናሪ የምትባለዋን ወፍ ይዘው እንዲወርዱ የመከረ፣ መርዘኛ ጋዝ ራሱ ላይ የሚሞክር ደፋር ሰው ነበር። የእንግሊዝ ባሕር ኃይል በ1905 ስለ ጥልቅ ውኃ ሥራ ኮሚቴ ሲያቋቁም ሥራው በእጁ ወደቀ። ለንደን በሚገኘው የሊስተር ተቋም ውስጥ ትልቅ የብረት ክፍል ነበር፤ ሃልዴን ፍየሎች አስገብቶ አየሩን ያምቅና መልሶ ያስተነፍሰዋል። ፍየል ለዚህ ሥራ የተመቸች ሆነች። ሲያማት ትናገራለች፤ የፊት እግሯን አንሥታ፣ መሬት ላይ ማሳረፍ አቅቷት፣ በሦስት እግር ትቆማለች። ሃልዴንና ባልደረቦቹ በተለያየ አወጣጥ ስንቷ እግሯን እንዳነሣች ይቆጥራሉ።

ከፍየሎቹ ያገኘው ነገር ቀላል ነው፤ ቀላልነቱም ነው ያስደነቀኝ። በሁለት እጥፍ ግፊት ውስጥ ረዥም ጊዜ የቆየች ፍየል በአንድ ጊዜ ወደ ተራው አየር ብትመለስ ምንም አትሆንም። ስለዚህ ሰውነት ግፊቱ በግማሽ ቢቀንስበት ይችለዋል ማለት ነው። 45 ሜትር ላይ ያለ ጠላቂ አምስት ተኩል እጥፍ ግፊት ውስጥ ነውና ወደ ግማሹ፣ ማለትም እስከ 17 ሜትር ግድም፣ ሳይፈራ መውጣት ይችላል። የቀረውን ግን በየ3 ሜትሩ እየቆመ፣ ናይትሮጅኑን በትንፋሹ እያስወጣ መጨረስ አለበት፤ ወደ ላይ በቀረበ ቁጥር የሚቆምበት ደቂቃ ይረዝማል። ከዚያ በፊት ግን የሚመከረው ከታች እስከ ላይ በአንድ ዓይነት ፍጥነት ቀስ ብሎ መውጣት ነበር።

ስሌቱ ከፍየል ወደ ሰው መሻገር ነበረበት። በ1906 ነሐሴ ስኮትላንድ ጠረፍ ላይ ጋይቦን ዴመንት የተባለ የባሕር ኃይል መኮንንና ካቶ የተባለ ባልደረባው በዚህ አወጣጥ 64 ሜትር ወርደው በሰላም ተመለሱ። እንዲያውም የሃልዴን የ13 ዓመት ልጅ ጃክ፣ በኋላ ራሱ ስመ ጥር ሳይንቲስት የሆነው፣ እኔም ልውረድ ብሎ በማይበቃው ልብስ ወርዶ ነበር፤ በእጅጌው በኩል ውኃ እየገባበት ርሶ ወጣ። አባትዬው ቆም ብሎ ያሰበበት አይመስለኝም።

በ1908 ውጤቱ ታተመ። ከጽሑፉ ሁሉ ዋጋ ያለው ሰንጠረዡ ነው። በአንድ ዓምድ ጥልቀት፣ በሌላው ታች የቆዩበት ደቂቃ፣ በቀሪዎቹ የት የት ስንት ደቂቃ እንደሚቆም ሰፍሯል። ስለ ናይትሮጅን ምንም ያልሰማ፣ ቁጥር ማንበብና ሰዓት ማየት የሚችል ሰው ሊጠቀምበት ይችላል። የሃልዴን ቁጥሮች ፍጹም አልነበሩም፤ በኋላ የየአገሩ ባሕር ኃይል እየደጋገመ አስተካክሏቸዋል። ቢሆንም ገመድ ያዡ ለመጀመሪያ ጊዜ «ቀስ» ማለት ስንት ደቂቃ እንደሆነ አወቀ።

ሰንጠረዡ ምን ያህል እንደሚሠራ ያሳየችው ሌላ የሰጠመች መርከብ ናት። ሎረንቲክ የተባለችው የእንግሊዝ መርከብ በ1917 ጥር፣ የአንደኛው የዓለም ጦርነት ሲጋጋም፣ ከሊቨርፑል ተነሥታ ስትጓዝ በአየርላንድ ሰሜናዊ ጠረፍ የጀርመን ፈንጂ ነክታ ሰጠመች። 354 ሰዎች አለቁ። በሆዷ ለጦር መሣሪያ መግዣ የተላከ 3,211 ጥፍጥፍ ወርቅ ነበር። የተኛችው 40 ሜትር ያህል ጥልቀት ላይ ነው፤ ከአንቲኪቴራዋ ብዙም የማይርቅ። ውኃው ግን ከግሪኩ ይብሳል፤ ቀዝቃዛና ለአትላንቲክ ማዕበል የተጋለጠ ነው። ወርቁን እንዲያወጣ የታዘዘው ያ ራሱ የሃልዴን መሞከሪያ የነበረው ዴመንት ነበር።

በመጀመሪያው ዓመት 542 ጥፍጥፍ ወጣ። ከዚያ ሥራው ተቋረጠ፤ ጦርነቱ አልቆ በ1919 ሲመለሱ ማዕበል መርከቢቱን አድቅቆ ወርቁን በብረት ፍርስራሽና በአሸዋ ሥር ቀብሮታል። ጠላቂዎቹ አሸዋውን በቱቦ እየመጠጡ፣ በእጃቸው እየቆፈሩ ቀጠሉ። በ1920 እና በ1921 ሁለት ዓመት ሙሉ ለፍተው ያገኙት 50 ጥፍጥፍ ብቻ ነው። እስቲ ያንን ሁለት ዓመት ለባለዕዳ የሰፍነግ ካፒቴን ስጡት። ሰዎቹን ደጋግሞ ያወርዳል፣ ቶሎ ቶሎ ይጎትታል፤ ምን ምርጫ አለው? ዴመንት ግን በሰንጠረዡ እንደጸና አሸዋ ሲያስጠርግ ከረመ። በ1922 895፣ በ1923 ደግሞ 1,255 ጥፍጥፍ ወጣ። በ1924 ሥራው ሲዘጋ ከ3,211ዱ 3,186 ተገኝቷል። በእነዚያ ዓመታት ከአምስት ሺህ ጊዜ በላይ ተጠልቋል። የሞተ ወይም ክፉኛ የተጎዳ አንድም ጠላቂ የለም።

ሁለቱን ሥራዎች ጎን ለጎን ሳስቀምጥ የዴመንትን ብልጠት ብቻ ማመስገን ይከብደኛል። ከኋላው ያለው የእንግሊዝ ግምጃ ቤት ነው። ጠላቂዎቹ የባሕር ኃይል ደመወዝተኞች ናቸው፤ ባዶ እጃቸውን ቢወጡም ልጆቻቸው ያድራሉ። ሰንጠረዥ ያለ ሰዓት አይሠራም፤ ሰዓት ደግሞ ገንዘብ ነው። ዴመንት ግን አንድ ነገር ከራሱ ጨምሯል። በገመዱ ጫፍ ተንጠልጥሎ የቆመ ሰው ስለነበር የመቆሚያ ደቂቃዎቹን እንደ ብክነት አላያቸውም።

ይህ ሁሉ ያለፈ ታሪክ ነው የሚል ካለ ሆንዱራስን ይመልከት። በካሪቢያን ጠረፍ የሚኖሩት የሚስኪቶ ሕዝቦች በታመቀ አየር ጋን ጠልቀው ለውጭ ገበያ የሚሄድ ሎብስተር ያወጣሉ። ክፍያው በያዙት መጠን ነው። ሥልጠና የለም፣ መሣሪያው ያረጀ ነው፤ በአንድ ቀን ብዙ ጋን እየቀያየሩ ደጋግመው ይወርዳሉ። በዚህ ምክንያት ሽባ የሆነው ሰው በመቶዎች ይቆጠራል። የአሜሪካ አህጉር የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት በ2021 በ42 ሚስኪቶ ጠላቂዎች ጉዳይ ሆንዱራስን ጥፋተኛ ብሏል፤ መንግሥት አሠሪዎቹን አልተቆጣጠረም በማለት። ከሃልዴን ሰንጠረዥ 113 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ሰንጠረዡ ዛሬ በማንኛውም የእጅ ስልክ ላይ ይገኛል፤ ግን በኪሎ የሚከፈለው ሰው አሁንም ገመድ ላይ ለመንጠልጠል ጊዜ የለውም።

ለመዝናናትና ለስፖርት የሚጠልቀው ሰው ዕድለኛ ነው፤ ዕዳ አይጎትተውም። ዣክ ኢቭ ኩስቶና ኤሚል ጋኛን የተባሉ ፈረንሳውያን በ1943 ጀርባ ላይ ከሚታዘል ጋን አየር እየለካ የሚሰጥ መሣሪያ ከሠሩ ወዲህ ቱቦው ቀረ። ኩስቶ ራሱ በ1976 አንቲኪቴራ ሄዶ ጠልቋል፤ በ2016ም በዘመናዊ መሣሪያ የጠለቁ ተመራማሪዎች ከዚያችው መርከብ የሰው አጽም አግኝተዋል። ቱቦው ሲቀር ግን ከላይ ሰዓት የሚቆጥረው ገመድ ያዥም አብሮ ቀርቷል። ዛሬ ጠላቂው የራሱ ገመድ ያዥ ነው። የእጅ ሰዓት የምታክለው የጠላቂ ኮምፒውተር በየሰከንዱ የምታሰላው በመሠረቱ የሃልዴንን ሐሳብ ነው፤ የምትሠራው ግን ሲሰሟት ነው።

ለእኛ ለደጋ ሰዎች ደግሞ አንድ ተጨማሪ ጣጣ አለ። ሰንጠረዡ የተሠራው ጠላቂው ከውኃ ወጥቶ በባሕር ወለል ከፍታ ይኖራል ተብሎ ነው። ከምፅዋ ወደ አስመራ የሚወጣውን መንገድ የሚያውቅ ሰው ከ115 ኪሎ ሜትር ባልበለጠ ርቀት ከ2,300 ሜትር በላይ እንደሚወጣ ያውቃል። ጧት ቀይ ባሕር ጠልቆ ከሰዓት ያንን ዳገት በመኪና የወጣ ሰው ከውኃው በደንብ ቢወጣም መውጣቱን አልጨረሰም፤ አየሩ እየሳሳ፣ ግፊቱ እየቀነሰ ነው። አውሮፕላንም እንዲሁ ነው። በጅቡቲ፣ በዱባይ ወይም በኤይላት ጠልቀው ወደ ቦሌ የሚበሩ ሰዎች ሲያርፉም ገና 2,300 ሜትር ላይ ናቸው። ጣና ላይ እንጥለቅ የሚል ካለ ደግሞ ሐይቁ 1,800 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ስለሆነ የላዩ ግፊት ከባሕር ወለሉ አምስት እጅ አራቱ ብቻ ነው፤ ለባሕር የተሠራው ሰንጠረዥ ሳይስተካከል እዚያ አይሠራም።

ስለዚህ ቀይ ባሕር ወይም ባሕረ ሰላጤው ዳር የሚኖሩ፣ ወይም ለዕረፍት የሚሄዱና መጥለቅ ያማረዎት አንባቢ፣ ለአስተማሪዎ ከመክፈልዎ በፊት ሁለት ነገር ይጠይቁት። በደቂቃ ስንት ሜትር ነው የምንወጣው? ከ9 ሜትር ያልበለጠ ቢልዎ ጥሩ ነው። ከመውጣታችን በፊት 5 ሜትር ላይ ሦስት ደቂቃ እንቆማለን? ጊዜ የለንም፣ ሌሎች ደንበኞች እየጠበቁ ነው የሚል ከሆነ ገንዘብዎን ይዘው ሌላ ይፈልጉ። የመመለሻ ትኬትዎን ሲቆርጡ አንድ ጊዜ ብቻ ጠልቀው ከሆነ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ደጋግመው ወይም በተከታታይ ቀናት ጠልቀው ከሆነ ቢያንስ 18 ሰዓት በመካከል ይኑር፤ ወደ ደጋ በመኪና ለመውጣትም ቢሆን ይህን ያህል መታገሥ አይከፋም። ከጠለቁ በኋላ ትከሻ ወይም ጉልበት ቢያምዎ፣ እግር ቢደነዝዝ፣ ቢያዞርዎ፣ ድካም ነው ወይም ብርድ መታኝ ብለው አይተኙ። ኦክስጅን ይጠይቁ፣ ሐኪም ጋ ይሂዱ። ሐኪሙ ከባሕር ርቆ የሚሠራ ከሆነ እንዲህ ያለ ሕመምተኛ አይቶ ላያውቅ ይችላልና፣ ምን ሆንክ ወይም ምን ሆንሽ ብሎ ሳይጠይቅ አስቀድመው «ጠልቄ ነበር» ይበሉት።